የእኔ ደብተርና የአባቴ ወረቀት

የደም ግፊት መለኪያውን የገዛሁት ለአባቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለራሴ ብዬ እንዳልገዛሁት እንዲታወቅልኝ ነው። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። የቀረኝ ወላጅ እሱ ብቻ ነውና እሱን እንኳ እጄን አጣጥፌ አልሸኝም ብዬ ተነሣሁ። አንድ ነገር ከያዝኩ ደግሞ አለቅም። ቢሮ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ጠባዬን ሁልጊዜ በደግ አያነሡትም።

እናቴ የሞተችው በአንድ ቀን ሕመም ነው። በትውልድ መንደሬ በኮሶዬ፣ ከቤታችን ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ቆይታ ወደ ቤት ስትገባ የአፏ አንድ ጎን ወርዶ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት፣ ቃላቱ አፏ ውስጥ እየተሳከሩባት ነበር። ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ቆይታ ነው አለ። ዳማከሴ ጨምቀው አሻሿት፣ አከናንበው አስተኟት። ወደ ሐኪም ይዘዋት የተነሡት በማግስቱ ሲሆን መንገድ ላይ አረፈች። በኋላ አንድ የማውቀው ሐኪም ሁኔታዋን ስነግረው ምች እንዳልነበረ፣ በጭንቅላት ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የሚመጣ ነገር እንደሚመስል፣ ብዙ ጊዜም መነሻው ሳይታወቅ የቆየ ከፍተኛ የደም ግፊት እንደሆነ አስረዳኝ። እናቴ በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ተለክታ አታውቅም። ራሴን አመመኝ የምትል ሴትም አልነበረችም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አንዳች ነገር ሳያማት መሞቷ።

እናም አንድ ቅዳሜ መለኪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከምኖርበት ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ወጣሁ።

አባቴ ሰማንያውን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ገበሬ ነው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ዳዊት ደግሟል። ዛሬም ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ዳዊቱን ሳያነብ እህል አይቀምስም። የሚጽፈውን ሁሉ የሚጽፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ በጓ የወለደችበትን ቀን፣ ዝናብ የጀመረበትን ቀን፣ የልጅ ልጆቹን ዕድሜ። የስልኩን ቁጥርና የብሩን ቁጥር አሳምሮ ያነባል፣ ለመጻፍ ግን እጄ አይሄድልኝም ይላል።

መደቡ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ እንደተቀመጠ፣ ጨርቁን በወፍራሙ ሹራቡ ላይ ጠመጠምኩለትና ቁልፉን ተጫንኩ። ጨርቁ አየር እየሞላ ክንዱን ሲይዘው አባቴ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት፣ መልሶ ጠየቀኝ። በመሐል አንድ ጎረቤት ገባ። በእኛ አገር ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "ኖር" ይላል፣ የገባውም "በእግዜር" ብሎ ይመልሳል፤ አባቴ ደግሞ በዚህ ነገር አይታማም። ክንዱ እንደታሰረ ብድግ አለ። መለኪያው መቶ ስልሳ ስምንት በዘጠና አምስት አለ። ደግሜ ለካሁ፣ የጎረቤቱ ሚስት ገባች፣ አባቴ ተነሣ። መቶ ሰባ አራት።

ላብ አጠመቀኝ። ለአባቴ ቁጥሩን ሳልነግረው ሰኞ ጠዋት ጎንደር ሐኪም እንደሚያየው ወሰንኩ። ምነው፣ ምን ሆንኩ ብሎ ተከራከረኝ። ደግነቱ የቁስቋም በዓል የሚውልበት ሳምንት ነበር፣ እኔም ቤቴ እዚያው ቁስቋም ነው፣ አጨዳውም ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ለበዓሉ ብሎ መጣልኝ እንጂ ለእኔ ብሎ አልመጣም።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ የገባ የወጣው ስፍር ቁጥር አልነበረውም። አባቴም ለእያንዳንዱ ብድግ፣ ኖር። ካርድ ለሚያወጣው ኖር፣ ልጅ ላዘለችው ኖር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ይዛ ስትመላለስ ለእርሷም ኖር። እኔ በኀፍረት ጋቢውን እየጎተትኩ አስቀምጠው ነበር። የመለኪያ ክፍሉ በር ክፍት ስለነበር፣ ውስጥ ያለችው ነርስ ይህን ሁሉ ታያለች።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ነርሷ መለኪያውን አላነሣችም። መጀመሪያ በሩን ዘጋችው። "አባቴ፣ እዚህ ቤት ኖር የለም" አለችው እየሳቀች። ሹራቡን አስወለቀችው፣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደገፈችው፣ እግሩን መሬት አስረገጠችው፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ማንም እንዳይናገር አለች። ማንም ያለችው እኔን ነው። ሲለካ መቶ ሃያ ስምንት በሰባ ስምንት መጣ።

አላመንኩም፣ ቅዳሜ ያየሁትን ነገርኳት። እንዴት እንደለካሁ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በሹራብ ላይ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ እያወራ፣ እየተነሣ እየተቀመጠ የተለካ ቁጥር የአባቴን ጤና ሳይሆን የቤቱን ግርግር እንደሚናገር ገለጸችልኝ። ላይኛው ቁጥር ልብ ደሙን ገፍታ ስትልክ ያለው ግፊት ነው፣ ታችኛው ደግሞ በምት መካከል ዕረፍት ስታደርግ ያለው ነው አለች።

አባቴ ጥቂት አሰበና፣ "እንደ በሬው ነዋ" አላት። "ሲጎትትና ትልም ዳር ደርሶ ሲቆም።"

ነርሷን ምሳሌው ደስ አላት። እንዲያ ነው፣ ቆሞም የሚያለከልክ በሬ ከሆነ ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው አለችው። እሷም የገበሬ ልጅ፣ የእንፍራንዝ ሰው ነበረች። እኔ እፎይ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። በዚህ መሐል ነው ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺስ?" ያለችኝ።

እኔ ደህና ነኝ አልኳት። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፣ አርባ ሰባት። እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ወንበሩን ጎተተችልኝ። አምስቱን ደቂቃ እንደ ምንም ዝም ብዬ ጨረስኩና ተለካሁ፤ መቶ ስልሳ ሁለት በመቶ ሁለት። ጥቂት ቆይታ ደገመችው፣ መቶ ሃምሳ ስምንት በመቶ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ወዲያው ምክንያት ደረደርኩ። የአባቴ ነገር አስጨንቆኝ ነው፣ የሚኒባሱ ረዳት አናዶኝ ነው፣ ቁርስ አልበላሁም። ነርሷ ሁሉንም ሰማችኝ። የአንድ ቀን ልኬት ብቻውን በሽተኛ አያሰኝም አለች፤ ጤና ጣቢያ ስትሆኚ መቶ አርባ በዘጠናና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ግን ከፍተኛ ነው ይባላል። ስለዚህ መለኪያው ቤትሽ አለ፣ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ተለኪና የመጣውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ አለችኝ። "የመጣውን ሁሉ" የሚለውን ረገጥ አድርጋ ነው የተናገረችው።

እንግዲህ ስለ ሥራዬ መናገር ግድ ይለኛል። በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ በእጄ የማያልፍ የተማሪ ውጤት የለም። በዚያው ሳምንት ውጤቴን እዪልኝ ብሎ የለመነኝ ተማሪ ነበር። ማታ ራት ላይ ለአባቴ አጫወትኩት፤ ልጁ ሲያለቅስ እንኳ እንዳላዘንኩለት፣ "ውጤት ይነበባል እንጂ አይመረጥም" ብዬ እንደሸኘሁት። በአባባሌ ኮርቼ ነበር። አባቴ ፈገግ ብሎ ጉርሻውን ዋጠ።

ጠዋት ከቢሮ በፊት አባቴ መነጽሩንና ዳዊቱን ይዞ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ እኔ እለካለሁ፤ ማታም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቀን መቶ ስልሳ በመቶ አንድ አለ። ሌሊት የጎረቤት ውሻ ሲጮህ አድሯል፣ ይሄ አይቆጠርም ብዬ ደገምኩ። መቶ ሃምሳ ስድስት። አሁንም ደገምኩ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ስድስተኛው ላይ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስምንት መጣ። እሱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ቀን ከቢሮ የተደወለልኝ ስልክ ነው ያበሳጨኝ፣ በሦስተኛው ቀን ወለሉ በርዶኛል። ሁልጊዜ አንድ ምክንያት፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ደህና ቁጥር። አባቴ በየልኬቱ፣ "ስንት አለ?" ይለኛል፣ ሽማግሌ ማወቅ ይወዳል ብዬ እነግረዋለሁ። እሱም ወደ ዳዊቱ ይመለሳል።

ሰው ደደብ ሆና ነው ሊለኝ ይችላል። ደደብ አልነበርኩም፣ ፈርቼ ነበር። ክኒኑን አንዴ ከጀመርሽ አትተዪውም ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቁጥሩ እውነት ከሆነ እናቴ ውስጥ የነበረው ነገር እኔም ውስጥ አለ ማለት ነው። ለአባቴ ብዬ ስሮጥ ሞት በእሱ በኩል የሚመጣ መስሎኝ በሩን እዚያ ማዶ ስጠብቅ ነበር። በእኔ በኩል ሊገባ እንደሚችል ማሰብ አቃተኝ።

በስምንተኛው ቀን አባቴ ካልሄድኩ ብሎ አብሮኝ ጤና ጣቢያ መጣ። ነርሷ መጀመሪያ ራሷ ለካችኝ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት በዘጠና ስምንት። ከዚያ ደብተሬን ተቀብላ አየች። በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምሬ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አሳምሬ ነው የጻፍኩት። አሃዝ እየደመረች ቆየችና ግንባሯን ቋጠር አደረገች። የቤትሽ ከዚህኛው በጣም ይሻላል አለች። አንዳንድ ሰው ነጭ ጋወን ሲያይ ብቻ ግፊቱ ይጨምራል፣ ያንቺም እንደሱ ይሆናል፣ ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመለሺ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አመስግኛት ብድግ አልኩ።

ለገባ ለወጣው የሚነሣው አባቴ ግን አልተነሣም።

እጁን ወደ ዳዊቱ ማኅደር ሰደደና በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ለነርሷ ሰጣት። ነርሷ ዘረጋችው። አየችው፣ አዞረችው። ከላይ እስከ ታች በግዕዝ ቁጥር ተሞልቷል። ይሄን ማንበብ አልችልም አባቴ አለችው።

"እሷ ታነብልሻለች" አላት። "ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

እውነቱን ነው። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት መደቡ ላይ በከሰል እየጻፈ ከ፩ እስከ ፻ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፻፷ በ፻፩ ይላል። ቀጥሎ ፻፶፮ በ፺፰። እኔ የጣልኳቸው ሁሉ፣ በውሻ፣ በስልክና በብርድ ያሳበብኩባቸው ሁሉ በተራቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ዳዊት ያነባል ብዬ ስተወው እሱ ይጽፍ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት።

"ውጤት ይነበባል እንጂ አይመረጥም ብለሽኝ የለ?" አለ ድምፁን ሳያነሣ።

አነበብኩ። ጮክ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ በራሴ አፍ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ድምፄ እየቀነሰ መጣ፣ ነርሷ ግን ቀና ሳትል ትጽፋለች። የሠርክ ልኬቶቹም አሉ፣ ማኅሌት አድሮ በዋለበት ቀን ደክሞት ሳለ የጻፋቸው ሳይቀሩ። ስጨርስ ነርሷ ከየልኬቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁለት ብቻ ወስዳ አሰላችና መቶ ሃምሳ አምስት በዘጠና ዘጠኝ አለች፣ ከእሷ መለኪያ ጋር ተገጣጠመ። አልገሠጸችኝም። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ብዙ ሰው ደህና የመጣለትን ይዞ ይመጣል፣ የልብሽን ሥራ ግን የሚናገረው የጠላሽውም ቁጥር ነው አለችና ወደ ሐኪሙ ላከችኝ።

ሐኪሙ መረመረኝ፣ ሽንትና ደም ታየልኝ፣ ኩላሊቴም ልቤም ገና ደህና ናቸው ተባለ። ቀድመሽ መጥተሻል አለኝ። በቀን አንዲት ክኒን አዘዘልኝ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ድኛለሁ ብለሽ እንዳትተዪው፣ የወረደው በክኒኑ ነውና። በጾም ወቅትም ሰዓቱን እናስተካክላለን እንጂ አይዘለልም አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ። የሐኪም ትዕዛዝ ሳይሆን የንስሐ አባቱን ቃል የሚሰማ ይመስል ነበር።

ከግቢው ስንወጣ ግን አላናገርኩትም። ሰው ፊት አዋርዶኛል፣ ሰልሎኛል ብዬ ውስጤ ይንጨረጨራል። ፊት ፊት ሄድኩ፣ እሱም በዘንጉ እየተመረኮዘ ተከተለኝ። ሚኒባስ መጠበቂያው ጋ ደርሰን ስንቆም፣

"ተቆጣሽ?" አለኝ።

ለብቻችን ሳለን ልትነግረኝ ትችል ነበር አልኩት። ብነግርሽ ሌላ ምክንያት ታመጪልኝ ነበር አለ። ይሄም እውነት ነው። እሱም ዐይኑን ወደ መንገዱ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤

"እናትሽን ምች ነው ያልኩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያልኩ እኔ፤ ሌላው እኔን ሰምቶ ነው ያለ። አፏ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ምች እንዲህ እንደማያደርግ ልቤ ያውቀው ነበር። ግን ምች ይለቃላ። የሚለቀውን መረጥኩ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ማን እንደጀመረው አልጠየቅኩም፣ ሰው ሁሉ ያለው መስሎኝ ነበር። አባቴ ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል። ዳዊቱን በያዘው እጁ ላይ እጄን ደረብኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ የእናቴ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

"ሁለተኛ አልመርጥም" አለ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነይ፣ ማኪናው መጣ።"

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። ክኒኗን ጠዋት ጥርሴን ስፋቅ እወስዳለሁ። ሽሮዬ ላይ ጨው ቀነስኩ፣ የመጀመሪያው ወር ውኃ ውኃ ይለኝ ነበር፣ አሁን የሰው ቤት ወጥ ነው የሚከብደኝ። ከቁስቋም እስከ ቢሮዬ ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ፣ ማታ ዳገቱን ግን አልዋሽም፣ በባጃጅ የምመለስበት ቀን አለ። ግፊቴ ወዲያው አልወረደም፣ ሐኪሙ አንድ ጊዜ መጠኑን ጨመረልኝ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መቶ ሠላሳዎቹ፣ ከዚያም መቶ ሃያዎቹ ውስጥ ገባ። አንዳንድ ቀን ከፍ ይላል። እሱንም እጽፈዋለሁ፣ ወዲያው ምክንያት አልፈልግለትም። እሑድ እሑድ አባቴ ይደውልና ከሰላምታው ቀጥሎ ስንት አለ ይለኛል። ስነግረው ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማኛል። ዝቅ ካለ ሸጋ ነው ይላል፣ ከፍ ካለም የተናደድሽ ቀን ነው እንዴ ብሎ ያሾፍብኛል፣ ግን ይጽፈዋል።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ኮሶዬ ነበርኩ። አባቴ ከትምህርት ቤት መምህሩ ጎረቤቱ መደገፊያ ያለው ወንበር ተውሶ ጥግ ላይ አኑሮልኛል። ጀርባዬን ደግፌ፣ እግሬን ረግጬ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አምስት ደቂቃዬን ቆጥሬ ጨረስኩ። ጨርቁ አየር መሙላት ሲጀምር በሩ ተከፈተና የመንደሩ ሽማግሌ ገቡ። እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝና ሳላስበው ብድግ ልል ስል አባቴ ትከሻዬን በእጁ ያዝ አደረገው።

"ቁጭ በይ አንቺ" አለኝ። "ያንቺንም እኔ እነሣልሻለሁ።"

ብድግ ብሎ ኖር አለ፣ ተቀመጠ። ከዚያ እንደገና ብድግ ብሎ ኖር አለ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ሁለት ጊዜ በእግዜር አሉ። መለኪያው መቶ ሃያ አራት በሰባ ስምንት ሲል አነበብኩለት፣ እሱም መነጽሩን ፈልጎ ጻፈው።